ጸሎተ ሃይማኖትና መቁጠሪያ፦ የቱ ግዴታ ነው፣ የቱስ ፈቃድ?

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው ሊትል ኢትዮጵያ አርብ ማታ ምግብ ቤት የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የጾም ነው የፍስክ?» አስተናጋጇ ትእዛዙን ይዛ ስትሄድ እኛ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ኦርቶዶክስ ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞረው፣ «እናንተ ካቶሊኮች አርብን ትጾማላችሁ ወይስ አትጾሙም? መቁጠሪያ መድገም የግድ ነው? የፋጢማን ነገር ያላመነ ካቶሊክ አይባልም?» ይሉኛል። ፕሮቴስታንት ጓደኞቻችን ደግሞ፣ «መቁጠሪያው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የት አለ?» ብለው ይጨምራሉ።

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። በካቶሊክ ቤት ያደግን ልጆች እንኳ ብዙ ጊዜ መልሱን ለይተን አልተማርንም። ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዐቢይ ጾም አርብ፣ መቁጠሪያ፣ ከሉርድ የመጣ ውሃ፣ የአያቶቻችን ስእለት፣ ሁሉም በአንድ ቤት፣ በአንድ ድምፅ ነው የተነገሩን። ሁሉም እኩል ግዴታ ከመሰለን ከሁለት አንዱ ይከተላል፤ ወይ ሁሉንም በፍርሃት እንሸከማለን፣ ወይ አንዱ ሲከብደን ሁሉንም አንድ ላይ እንጥላለን። ኮሌጅ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ጓደኞች አይቻለሁ።

ስለዚህ በዚህ የጥናት ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልለይ ፈለግሁ፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከምእመን የምትጠይቀው ምንድን ነው፣ ለነፃነቱ የተወችለትስ ምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት መደቦች

ልዩነቱ ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ዶግማና ቀኖናን ይለያሉ፤ ዶግማ አይለወጥም፣ ቀኖና ግን እንደ ዘመኑና እንደ ሁኔታው በቤተ ክርስቲያን ሊሻሻል ይችላል ይላሉ። ጾምንም ቢሆን ሰባቱን የአዋጅ አጽዋማት አንድ ላይ ቆጥረው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾመውን የጽጌን ጾም የፈቃድ ጾም ይሉታል። ሙስሊም ጓደኞቻችን ፈርድና ሱናን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለይተው ይማራሉ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚሁ ሦስት መደቦች አሉ።

1. የሚታመን፦ እግዚአብሔር የገለጠው፣ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ነው ብላ ያጸናችው እውነት። ይህ ዶግማ ነው።

2. የሚጠበቅ፦ ቤተ ክርስቲያን ለልጆቿ የደነገገችው ሥርዓት። ይህ ቀኖና ነው፤ ያስገድዳል፣ ግን ሊሻሻል ይችላል፣ በቂ ምክንያት ላለውም ይነሣለታል።

3. የሚወደድ፦ መቁጠሪያ፣ የዘጠኝ ቀን ጸሎት፣ ንግደት፣ የቅዱሳን ሥዕልና ሜዳልያ፣ ስለ መገለጦች የሚነገረው ሁሉ። ይህን የፈቃድ ጸሎት ብዬ እጠራዋለሁ።

በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ሌላም ነገር እንዳለ ልብ በሉ። ዶግማ ተብሎ ያልታወጀ፣ ነገር ግን ጳጳሳት በሥልጣናቸው የሚያስተምሩት ትምህርት በአክብሮት መቀበልን ይጠይቃል። «ዶግማ አይደለም» ማለት «እንደፈለግሁ» ማለት አይደለም። ለዛሬው ጥናት ግን ሦስቱ መደቦች ይበቁናል።

የሚታመነው

የካቶሊክ እምነት መሠረት በእሑድ ቅዳሴ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ነው፤ በ325 በኒቅያ፣ በ381 ደግሞ በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተደነገገው። አንድ አምላክ በሦስት አካል፣ የወልድ ሰው መሆን፣ ሞቱና ትንሣኤው፣ መንፈስ ቅዱስ፣ አንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ጥምቀት፣ ትንሣኤ ሙታን። ሰባቱ ምሥጢራትና በቅዱስ ቁርባን የክርስቶስ እውነተኛ መገኘትም የሚታመኑ ናቸው።

ስለ እመቤታችን በካቶሊክ ዘንድ የሚታመኑት አራት ነገሮች ናቸው። ወላዲተ አምላክ መሆኗ በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የጸና ነው፤ ዘላለማዊ ድንግልናዋም ከጥንት ጀምሮ የታመነ ነው። ያለ አዳም ኃጢአት መፀነሷን ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 9ኛ በ1854፣ በሥጋና በነፍስ ወደ ሰማይ መፍለሷን ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በ1950 በዶግማነት አወጁ።

አሁን ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ተመልከቱ። መቁጠሪያ የለም። ፋጢማ የለም። ሉርድ የለም። እነዚህን ያላካተተው በቸልታ አይደለም፤ መደባቸው ሌላ ስለሆነ ነው። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 67 ላይ የግል መገለጦች፣ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለቻቸው እንኳ ቢሆኑ፣ የእምነት መዝገብ አካል እንዳልሆኑ በግልጽ ይናገራል። ሥራቸው በአንድ ዘመን ያለ ሰው ወንጌልን ይበልጥ እንዲኖረው መርዳት ነው። ወንጌል ላይ የሚጨምሩት ነገር የለም።

የሚጠበቀው

ትምህርተ ክርስቶስ አምስት የቤተ ክርስቲያን ትእዛዛትን ይዘረዝራል፦ እሑድንና የታዘዙ በዓላትን ማስቀደስ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኃጢአትን መናዘዝ፣ ቢያንስ በፋሲካ ሰሞን መቁረብ፣ የታዘዙትን ጾሞች መጠበቅ፣ እንደ አቅም የቤተ ክርስቲያንን ፍላጎት መርዳት። የተቀመጠው ዝቅተኛው ወለል ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ የፍቅር ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ለኛ ለዲያስፖራ ልጆች አስፈላጊ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግእዝ ሥርዓት የምትቀድስ፣ ከሮም ጋር አንድነት ያላት ራሷን የቻለች የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ናት። የምትመራውም በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ለግእዝ ሥርዓት የተቋቋመ ሀገረ ስብከት ስለሌለ ብዙዎቻችን ያደግነው በላቲን ቁምስና ነው። የአካባቢያችን ልጆች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ሲቀድሱ አብረን ቀድሰናል። ሕጉ ግን በላቲን ቁምስና የቱንም ያህል ዓመት ማስቀደስ ብቻውን ከሥርዓታችን አያወጣንም ይላል። በግእዝ ሥርዓት የተመዘገበ ሰው፣ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ግእዝ ሰምቶ ባያውቅ እንኳ፣ የግእዝ ሥርዓት ልጅ ነው።

ወደ አርብ ጥያቄ እንመለስ። የአሜሪካ ላቲን ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም አርቦች ሥጋ አይበሉም፤ የአመድ ረቡዕንና ስቅለትን ደግሞ ይጾማሉ። ከዐቢይ ጾም ውጭ ያለውን አርብ የሀገሪቱ ጳጳሳት በ1966 ባወጡት መመሪያ፣ ቀኑ የንስሓ ቀን መሆኑ ሳይቀር፣ ከሥጋ መከልከልን በሌላ በጎ ሥራ መተካት እንዲቻል አድርገዋል። የምሥራቅ ካቶሊኮች ጾም ደግሞ በየቤተ ክርስቲያናቸው ልዩ ሕግ ይወሰናል። ስለዚህ ሁለት ካቶሊኮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ በያይነቱ አንዷ ክትፎ ቢያዙ፣ የግድ አንዷ እምነቷን ክዳለች ማለት አይደለም። ዶግማው አንድ ነው፤ ቀኖናው ይለያያል።

የሚወደደው

መቁጠሪያ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በምዕራቡ ዓለም በመካከለኛው ዘመን ቀስ በቀስ ያደገ ጸሎት ነው። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 5ኛ በ1569 መልክ አስያዙት፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 አምስት የብርሃን ምሥጢራትን አቀረቡ፤ አስራ አምስት የነበሩት ምሥጢራት ሃያ ሆኑ። እርሳቸውም ቢሆኑ የጨመሩትን ለምእመናን ነፃነት ትተውታል። ከእርሳቸው በፊት ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1974 ስለ እመቤታችን ክብር በጻፉት መልእክት መቁጠሪያን እጅግ አመስግነው፣ ምእመናን ግን በፊቱ ነፃ እንደሆኑ፣ ወደ እርሱ መሳብ ያለባቸውም በውበቱ እንደሆነ አስተምረዋል። መቁጠሪያን እጅግ የወደዱት ጳጳስ ራሳቸው ግዴታ አላሉትም።

በዶግማና በፈቃድ ጸሎት መካከል ያለውን ርቀት ከሁሉ የሚያሳየኝ የቅድስት ፋውስቲና ታሪክ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚደገመው የመለኮታዊ ምሕረት ጸሎት የመጣው ከዚች ፖላንዳዊት መነኩሴ ነው። ይህ ጸሎት በእርሷ መንገድ እንዳይስፋፋ ቫቲካን በ1959 ከለከለች። በ1978 እገዳው ተነሣ፤ በ2000 ፋውስቲና ቅድስት ተባለች። እገዳው በጸናባቸው ዓመታት የእግዚአብሔር ምሕረት ትምህርት አልተለወጠም፤ ምሕረቱ የሚታመን ነውና። የተከለከለውና ኋላ የተፈቀደው መንገዱ ነው። ዶግማ እንዲህ አይከለከልም፣ አይፈቀድም።

ሉርድም እንዲሁ ነው። ቤርናዴት በ1858 እመቤታችንን አየሁ ስትል ዕድሜዋ 14 ነበር። የአካባቢው ጳጳስ መገለጡን በ1862 ተቀበሉት። በሉርድ ተፈወስን የሚሉ ሰዎችን ጉዳይ የሚመረምር የሐኪሞች ቢሮ ከ1883 ጀምሮ አለ፤ በሺህ ከሚቆጠሩት መካከል ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለቻቸው 70 ያህል ብቻ ናቸው። እነዚያን ሰባውንም ቢሆን አንድ ካቶሊክ የማመን ግዴታ የለበትም። ቤርናዴት ራሷ ኋላ በነቨር ገዳም በበሽተኞች ክፍል ታገለግል ነበር፤ ለነርስ ተማሪ ይህ ጥሩ ማጽናኛ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይህን ጥንቃቄ አጥብቃ ይዛለች። በግንቦት 2024 የወጣው የቫቲካን መመሪያ ስለ አዲስ መገለጥ ከሚሰጡት ስድስት ውሳኔዎች ከፍተኛው «የሚከለክል ነገር የለም» የሚለው እንዲሆን ደንግጓል። ትርጉሙ መጸለይ ትችላላችሁ ነው፤ ማመን አለባችሁ አይደለም።

በነርስነት ትምህርት የተማርነው ነገር ይህን ለመረዳት ይረዳኛል። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አንዳንዱ በሰዓቱ የሚሰጥ ነው፤ ጠዋትና ማታ አይዘለልም። አንዳንዱ ደግሞ ፒ አር ኤን የምንለው፣ ለበሽተኛው ሲያስፈልግ የሚሰጥ ነው። ፒ አር ኤን የሆነው የሐሰት መድኃኒት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን የሚያሳልፈው እርሱ ነው። ግን ሁለቱን ያደባለቀ ነርስ በሽተኛውን ይጎዳል።

አንድ በዓል፣ ሦስት መደብ፦ ፍልሰታ

ሦስቱ መደቦች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ለማየት ከፍልሰታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የሚታመነው፦ እመቤታችን ምድራዊ ሕይወቷን ከፈጸመች በኋላ በሥጋና በነፍስ ወደ ሰማያዊ ክብር መወሰዷ ነው። የ1950ው አዋጅ ይህን ብቻ ነው ያለው። እንዴት፣ የትና በስንት ቀን እንደሆነ አልደነገገም። የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት በዓሉን ሲያከብሩ ኖረዋል፤ እምነቱ ከአዋጁ ይቀድማል ማለት ነው።

የሚጠበቀው፦ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ከእሑድ በተጨማሪ የጋራ የሆኑ አምስት የግዴታ በዓላትን ያስቀምጣል፤ ልደት፣ ጥምቀት፣ ዕርገት፣ የቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል፣ እና የእመቤታችን ፍልሰት። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልዩ ሕግ ሊሰርዛቸው ወይም ወደ እሑድ ሊያዛውራቸው ይችላል። በሀገራችን አቆጣጠር ፍልሰታ ነሐሴ 16 ሲሆን፣ የላቲን ሥርዓት ግን ኦገስት 15 ያከብረዋል፤ በመካከላቸው የሰባት ቀን ልዩነት አለ። ቀኑ ቀኖና ስለሆነ መለያየቱ እምነትን አይከፍልም።

የሚወደደው፦ ቅዱስ ቶማስ በደመና ተጭኖ ሲመጣ እመቤታችንን በዕርገቷ እንዳገኛት፣ ምልክት እንዲሆነው ሰበኗን እንደሰጠችው፣ ሐዋርያትም የእርሱን ዕድል ለማግኘት እንደጾሙ አያቶቻችን ነግረውናል። ይህ የተከበረ ትውፊት ነው፤ በካቶሊክ ዘንድ ግን ዶግማ አይደለም። የሰበኑ ታሪክ የከበደው ልጅ ፍልሰታን ካደ አይባልም። ሌሊት ተነሥቶ ውዳሴ ማርያም የሚደግም፣ በላቲን ቁምስና አድጎ በመቁጠሪያ አራተኛውን የክብር ምሥጢር የሚያስብም አንዱን እውነት በሁለት መንገድ ነው የሚወደው።

ታሪካችን ምን ያስተምራል?

መደቦቹ ሲደባለቁ የሚሆነውን ሀገራችን በደም ከፍላ ተምራለች። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በንጉሡ ዘንድ የተወደደው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር እንዲሆኑ ጠየቀ። በእርግጥ ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ባሕርይም ነበር፤ ያ የእምነት ጥያቄ ነው፣ ቀላልም አይደለም። ገበሬው ግን በየቀኑ የነካው ጾሙ፣ በዓሉና ጥምቀቱ ነበር። ዐመፅ በዐመፅ ላይ ተነሣ፤ በሺህ የሚቆጠሩ አለቁ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ሌላ ሚሲዮናዊ ዐድዋ ገባ፤ አቡነ ያዕቆብ እያልን የምንጠራው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ። እርሱ ልብሱን፣ ምግቡን፣ ቋንቋውን ከሀገሬው ጋር አንድ አደረገ፤ የግእዙን ሥርዓት አከበረ፤ ካህናትንም በዚያው ሥርዓት አሠለጠነ። ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ጎጃሜው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ ለዓመታት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ። በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሞቱ፤ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። አባ ገብረ ሚካኤል የተሰቃዩት ስለ እምነት አንቀጽ ነው፤ ስለ ላቲን ልማድ አይደለም። በግእዝ ቀድሰው፣ እንደ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ኖረው፣ ካቶሊክ ሆነው ሞቱ።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ ምሥራቃውያን የራሳቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁና ወደ ጥንቱ እንዲመለሱ አዘዘ። በሌላ አነጋገር፣ ሜንዴዝ የጠየቀውን ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ዛሬ አትጠይቅም። አጥብቃ የያዘችው የሚታመነውን ነው።

ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

የማውቃቸው አንዲት እናት ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም ነበር። «ካልጾምኩ እመቤቴ ታዝንብኛለች» ይላሉ። ኢንሱሊን ወስዶ አለመብላት ስኳርን ከልክ በታች ያወርደዋል፤ መጀመሪያ ላብና መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ ግራ መጋባት፣ ከዚያ ራስን መሳት ይመጣል። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰው ይህ የሞት አደጋ ነው። የነገርኳቸው ይህን ብቻ አይደለም። ጾም ቀኖና እንደሆነ፣ ቀኖናም በሽተኛን እንደማያስገድድ፣ ይህም የኔ የተማሪዋ ሐሳብ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንደሆነ ነገርኳቸው፤ የንስሓ አባታቸውን እንዲጠይቁም ለመንኳቸው። ጠየቁ። እርሳቸውም መድኃኒታቸውን ከምግብ ጋር እንዲወስዱ፣ ጾማቸውን በጸሎትና በምጽዋት እንዲተኩ ነገሯቸው። አሁን ጠዋት በልተው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ይህን ለውጥ ያመጣው የደም ስኳር ቁጥር ብቻ አልነበረም። የተጠየቁትንና ያልተጠየቁትን ማወቃቸው ነው።

ሁለተኛው፣ የካቶሊክ በሽተኛ ሲደክም ቤተሰብ ተሰብስቦ መቁጠሪያ ወይም የምሕረት ጸሎት ይጀምራል። ያማረ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰላም ሲሰፍን አይቻለሁ። ነገር ግን ምሥጢረ ቀንዲል፣ ንስሓና ቅዱስ ቁርባን ምሥጢራት ናቸው፤ የፈቃድ ጸሎት አይተካቸውም፣ ካህንም ይፈልጋሉ። ካህን የሚጠራው በሽተኛው ገና መናገርና መናዘዝ ሲችል ነው፤ መተንፈሻ ከገባ በኋላ ቢሆን ብዙው ነገር ያመልጣል። ስለዚህ ዘመድ ሲተኛ፣ በመግቢያው ቅጽ ላይ «ካቶሊክ» ብላችሁ አስጽፉ፤ ነርሷን የሆስፒታሉን የመንፈሳዊ አገልግሎት ክፍል እንድትጠራላችሁ ጠይቁ። የግእዝ ሥርዓት ካህን በቅርብ ባይገኝ የላቲኑ ካህን ያገለግላል። ከዚያ በኋላ መቁጠሪያው እስከ ንጋት ይቀጥል።

የሚያስፈራ ጸሎትና የሚያሰናብት ነፃነት

በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዞሩትን መልእክቶች ታውቋቸዋላችሁ። «ይህን ጸሎት ለዘጠኝ ሰው ካላስተላለፍሽ መዓት ይመጣል፤ ካስተላለፍሽ በሦስት ቀን ውስጥ መልካም ዜና ትሰሚያለሽ።» የፈተና ሰሞን ሲሆን ደግሞ ይበዛሉ። ትምህርተ ክርስቶስ ጸሎትን ከልብ ሁኔታ ለይቶ ውጤቱን ከውጫዊ ድርጊቱ ብቻ መጠበቅን በአጉል እምነት ይመድበዋል። ቁጥሩን በመሙላት እግዚአብሔርን ማስገደድ አይቻልም። መልእክቱን አጥፉት፤ ኃጢአት የለባችሁም። የላከችላችሁን እትዬ ግን አታሳፍሯት። ደውሉላት፤ ምናልባት የምታስተላልፈው ጸሎቱን ሳይሆን ጭንቀቷን ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። «መቁጠሪያ ግዴታ ካልሆነ፣ ሌላውስ ለምን ግዴታ ይሆናል? እኔ በራሴ መንገድ ካቶሊክ ነኝ» የሚል ጓደኛ ሁላችንም አለን። ልዩነቱን የምንማረው ለዚህ አይደለም። ትንሣኤን ማመን እንደ መቁጠሪያ የዝንባሌ ጉዳይ አይደለም። ሦስተኛው መደብ ነፃ የሆነው አንደኛው የጸና ስለሆነ ነው።

ፈቃድ መሆኑም ዋጋውን አይቀንስም። እኔ አማርኛ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከአያቴ መቁጠሪያ ነው። ማታ ማታ በስልክ አብረን ስንደግም «ጸጋ»፣ «ቡሩክ»፣ «ዕረፍት» የሚሉትን ቃላት ትርጉማቸውን ሳላውቅ በቃሌ ያዝኳቸው። ማንም አላስገደደኝም። ግእዝ ቅዳሴ በሌለበት ከተማ ያደጉ ብዙ ልጆችን ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር ያቆየው እንዲህ ያለ የፈቃድ ጸሎት ነው። ግዴታ ቢሆን ኖሮ ስጦታ አይሆንም ነበር።

ለይቶ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ነገር «ካቶሊክ ከሆንሽ የግድ ነው» ሲባል፦

ሀ. በጸሎተ ሃይማኖት፣ በጉባኤ ውሳኔ ወይም በዶግማ አዋጅ ውስጥ አለ? ካለ የሚታመን ነው።

ለ. በቤተ ክርስቲያን ሕግ ውስጥ አለ? ካለ የሚጠበቅ ነው፤ ቀጥሎ የየትኛው ሥርዓት ሕግ እንደሆነ፣ በሽታ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያነሣው እንደሆነ ጠይቁ።

ሐ. በሁለቱም ውስጥ ከሌለ፣ ወደ ክርስቶስና ወደ ባልንጀራ ያቀርበኛል? የሚያቀርብ ከሆነ በነፃነት ውደዱት። የሚያስፈራራ ከሆነ በሰላም ተዉት።

ለውይይት

1. እናንተ ባደጋችሁበት ቤት እንደ ግዴታ የተነገራችሁ፣ ግን የፈቃድ የሆነ ምን ነገር አለ? ማን ነገራችሁ? ለምን ይመስላችኋል?

2. ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም የሆናችሁ፣ በእናንተ ዘንድ ይህ ልዩነት በምን ቃል ይገለጻል? በሜንዴዝና በአቡነ ያዕቆብ መካከል ያለውን ልዩነት የሚመስል ታሪክ በእናንተስ ዘንድ አለ?

3. ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባት እናታችሁ እጾማለሁ ብትላችሁ፣ እምነቷን ሳታቃልሉ፣ ጤናዋንም ሳታስደፍሩ ምን ትሏታላችሁ? መጀመሪያ ማንን ታማክራላችሁ?

4. ማንም ሳያስገድዳችሁ የያዛችሁት አንድ ጸሎት አለ? የትኛው ነው?